እትዬ አሻ የተረጎመችልን ድራማ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ አንድ የድሮ የአረብ ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ስታይ ቆየችና፣ «እማ፣ አሶሳን የምታተራምሱት ለዚህ ነበር?» አለችኝ። ያለቅሳሉ፣ ያፈጣሉ፣ እንደገና ያለቅሳሉ፤ ፍቅር የሚባለው የታለ አለች። ልቆጣ ነበር። የመጨረሻውን ክፍል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳየው ግን ቁጣዬን ረሳሁት።

ድራማውን አሶሳ ባየንበት ጊዜ ክልሉ አዲስ ነበር። የቢሮዎቹ ቀለም ገና አልደረቀም፤ ከየአገሩ የተመደበው ሠራተኛ የኪራይ ቤት ፍለጋ በቀዩ ጭቃ ይንከራተታል። እኛ ከወሎ በሰፈራ የመጣን ነን፣ ከከተማው ዳር ባለ አምባ እንኖር ነበር። ዲሽ ያለው ሻይ ቤት የእትዬ አሻ ብቻ ነው። የአካባቢው ተወላጅ፣ በርታ ናት፤ በሱዳን ድንበር ስትነግድ ስላደገች አረብኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። አባታችን ስለሚያከብራት እሷ ጋ መሄድ አይከለክለንም። ድራማው ሲጀምር ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ከቴሌቪዥኑ ጎን ትቆምና ለእኛ በአማርኛ ትነግረናለች። በአማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም በወንድ ስለምትጠራ፣ ልጅቷ ረጅም ጊዜ ስታነባ «ልጅቷ አልቅሷል። ገና ያለቅሳል» ትለናለች፣ እኛም ዝንጅብል የበዛበትን ሻይ እየማግን እንስቃለን። የእርጥብ ልብስና የቀርከሃ አግዳሚ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ታሪኩ አዲስ ነገር የለውም። አንዲት ልጅ የአሳ አጥማጅ ልጅ ወድዳለች፣ አባቷ ደግሞ ለሀብታም ሽማግሌ ቃል ገብቷል። ለእህቴ ለሰዓዳ ግን ድራማ አልነበረም። እሷንም አባታችን ባምባሲ ላለ አንድ ሚስቱ የሞተችበት እህል ነጋዴ ሰጥቷታል፤ ቀን ተቆርጧል። እናቴ አንዴ ቀስ ብላ ብትሞክረው፣ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብሎ ዘጋት። ሰዓዳ ሃያ ዓመቷ ነው፤ እኔ አሥራ ስምንት፣ ተራዬን የምጠብቅ።

ከመጨረሻው በፊት የነበረው ክፍል ልጅቷ ወንዝ ዳር እንደቆመች አለቀ። ሻይ ቤቱ በክርክር ተናወጠ፤ ከፊሉ ትገባለች፣ ከፊሉ የሚወዳት ይደርስላታል አለ። ሰዓዳ ለወትሮው በሰው ፊት አትናገርም። ያን ዕለት ግን፣

«ብትገባ አልፈርድባትም» አለች።

ማንም ልብ አላላትም። እትዬ አሻ ብቻ ሻይ መቅዳቷን አቁማ አየቻት።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ሐምሌ ነው፤ ከአምባው በታች ያለው ወንዝ ሞልቶ ድምፁ እቤት ድረስ ይሰማል። ሰዓዳ ጀሪካን ባነሳች ቁጥር ያልታዘዝኩትን ጀሪካን አንስቼ እከተላታለሁ። «ምን ሆነሻል አንቺ፣ ጥላ ሆንሽብኝ» ትለኛለች። ምን እላታለሁ? አረብ አገር ያለች አንዲት ልጅ የምታደርገውን ታደርጊ ይሆናል ብዬ ፈራሁ ይባላል?

የመጨረሻው ክፍል ምሽት ሻይ ቤቱ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠላጥሎ ነበር። ልጅቷ ከወንዙ ጋር ብዙ አወራች። ከዚያ ውሃው ብቻ ታየ፣ በላዩም ሻሿ ተንሳፍፎ። ቀጥሎ አባቷ ደጁ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ። የሰዓዳን እጅ ያዝኩ። እትዬ አሻ መተርጎሟን ትታ ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ፊቷን ከቴሌቪዥኑ ወደ እኛ መለሰች።

«ልጅቷ ሻሹን ጣለ። ወንዝ አልገባም» አለች። «አባቱ ቤት ሄደ። አባ፣ እኔ ይሄ ሰውዬ አልፈልግም አለ። ዝም ብሎ አልሞተም፣ በአፉ ተናገረ።»

አንዱ፣ አባትየው ታዲያ ለምን ያለቅሳል ብሎ ጠየቀ።

«ልጁን ሰማ። ለዚያ ነው።»

ከኋላ የተቀመጡ የበርታ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ አረብኛ የሚሰሙ። አንደኛው ቀና ብሎ አያትና ተመልሶ ሻዩን ጠጣ።

ሰዓዳ በማግስቱ ከቁርስ በፊት አባታችን ፊት ቆመች። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። ያንኑ የሰማችውን ቃል ነው የተናገረችው፣ አልጨመረችም። አባቴ ከተቀመጠበት ተነሳ፤ የሚመታት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጃንጥላውን አነሳ።

«እንግዲህ የተናገርኩት ይጥፋ» አለና በዚያ ዝናብ ባምባሲ ሊሄድ መኪና ፍለጋ ወጣ። ሠርጉ ቀረ።

እና ባለፈው ሳምንት፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ በማውቀው ቋንቋ አየሁት። ልጅቷ ወንዙ ውስጥ ትገባለች። ለአባቷ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ሰውዬው ደጁ ላይ የሚያለቅሰው የሬሳዋን መገኘት ሰምቶ ነው። እትዬ አሻ ዓይናችን እያየ ከልቧ አውጥታ ፈጠረችው፣ አረብኛ የሚሰሙት ሽማግሌዎችም አላረሟትም። አፈሩ ይቅለላትና እሷ ካረፈች ቆይቷል፤ ላመሰግናት አልችልም። ልጄ እውነቷን ነው፣ ድራማው ያን ያህል ዝና አይገባውም። ዝናው የሻይ ቤቱ ነበር።

ኮምቦልቻ ወዳለችው ሰዓዳ ደወልኩና መጨረሻውን ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው አስነገረችኝ።

«ምስኪን» አለች በመጨረሻ። «እሷ አጠገብ እትዬ አሻ አልነበረችማ።»