በብጣሽ ወረቀት የሰጠኋት ቃል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ግማሹን ነው የነገርኋቸው። “በአንዲት ሴት ላይ ተቆጥቼ ነበር” አልኋቸው፤ ለቁጣ የሚሰጠውን ቀኖና ሰጡኝ፤ ሰገድሁ፤ ተነሣሁ። ነገሩ ግን ቁጣ አልነበረም። ዛሬ የምነግራችሁ የቀረውን ግማሽ ነው።

እኔ ላሊበላ ላይ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አስተምራለሁ። ሰው የኔታ ይለኛል። ቅኔ ተምሬአለሁ፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ ግን ጀምሬ ሳልጨርስ ነው የተመለስሁት። አለመጨረሴን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርሁም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሽማግሌው ቄሳችን አንዲት ሴት ይዘውልኝ መጡ። ስሟ ዘይነባ ነበር፤ ባጠመቋት ጊዜ ወለተ ማርያም ብለዋታል። የተወለደችው ከወልድያ በታች፣ ቆላ ውስጥ ካለች የመንገድ ዳር ከተማ ነው፤ እዚሁ ላሊበላ ልብስ እየሰፋች ትኖር ነበር። ወደ ክርስትና ያመጣት ባል አልነበረም፤ ያስገደዳትም የለም። ብዙ አስባ በራሷ ነው ያመነችው። እናቷ ሲሰሙ ሳምንት ሙሉ አለቀሱ፤ ከዚያ በጭነት መኪና አንድ ኩንታል ማሽላ ላኩላት።

“ከማርቆስ ወንጌል ትጀምር” አሉኝ ቄሱ። “በቀን ጥቂት ታንብብ፤ ስትጀምርም ስትጨርስም ትጸልይ። ያልገባትን ትጠይቅህ። አንተም የማታውቀውን አላውቅም በላት።”

የመጨረሻውን ነገር እኔ ለማንም ብዬው አላውቅም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይራው ሥር ስድስት ሰባት ሆነን እንቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ጴጥሮስ በባሕር ላይ ስለ መሄዱ አስተማርሁ። የሰጠመው በትዕቢቱ ነው፤ ከታንኳው መውረድ አልነበረበትም አልሁ። ወለተ ማርያም ጣቷን በመጽሐፍ ቅዱሷ ገጽ ላይ አድርጋ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “የኔታ፣ ከላይ ያለው መስመር ግን ና ብሎ የጠራው ጌታ ራሱ ነው ይላል” አለች።

እውነቷን ነበር። ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ አጭር ነበር። ሌሎቹም ፈገግ አሉ። እሷ ብቻ አልሳቀችም፤ መልሴን ትጠብቅ ነበር።

በሳምንቱ፣ “መጽሐፉን ለእኔ ስጪኝ” አልኋት። “አዲስ አማኝ እንዳሻው ገጽ ሲገልጥ ይሰናከላል። የምታነቢውን እኔ እየጻፍሁ እሰጥሻለሁ።” አመነችኝ። በነጠላዋ ጫፍ አቅፋ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍሁበት።

ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ብጣሽ ወረቀት እሰጣት ጀመር። እርግማን ያለበትን፣ ቅጣት ያለበትን እየመረጥሁ ጻፍሁላት። ከሥር የሚከተለውን ምሕረት እያየሁ ተውሁት። እኔ ነኝ የመረጥሁት፤ እኔ ነኝ የተውሁት። ፊቷ እየጠቆረ ሲሄድ አየሁ፤ ደስ አለኝ። አንድ ቀን፣ “የኔታ፣ እግዜር የተቆጣኝ ይመስለኛል” አለችኝ።

“ሊሆን ይችላል” አልኋት።

እንዲህ ያለውን መልስ የሚሰጥ ሰው ምን ይባላል? እናንተው ስሙን ፈልጉለት።

በዚያው ዓመት የክረምቱ መውጫ ላይ አንድ ሹፌር ከቆላ መልእክት አመጣላት። እየሮጠች ነው የመጣችው፤ መርፌው ከነክሩ ልብሷ ላይ እንደተሰካ ነበር።

“እናቴ ታማለች” አለችኝ። “ሃይማኖትሽን አልጠይቅሽም፣ ፊትሽን ልየው ብላለች። ልሂድ ወይ፣ የኔታ?”

ለምን እኔን ጠየቀች? እኔን ሳትጠይቅ ምንም እንዳታደርግ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ሂጂ ማለት አንድ ቃል ነበር። አባትና እናትን አክብር የሚለውን ፊደል ሳልቆጥር በፊት በቃሌ አውቀዋለሁ። ጌታ መስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ለደቀ መዝሙሩ አደራ መስጠቱን ለሕፃናት አስተምራለሁ። ያን ዕለት ግን ወረቀት ቀድጄ ሁለት ነገር ጻፍሁላት፤ ከጌታ ይልቅ እናቱን የወደደ ለጌታ እንደማይገባ፣ ሙታን ሙታናቸውን ይቅበሩ መባሉን።

ቆማ አነበበችው። “ከላይና ከታችስ ምን ይላል?” ብላ ጠየቀች።

“ይኸው ነው” አልኋት።

ወረቀቱን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ አስገባችው። አልሄደችም። ሁለተኛ መልእክት ሲመጣ ተመልሳ መጣች፤ ዓይኗ አብጦ ነበር። “ተጽፎልሻል እኮ” አልኋትና ፊቴን አዞርሁ። ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ቀጥሎ የመጣው ወንድሟ ነው። እናትየው ከተቀበሩ በኋላ መርዶውን ራሱ ሊነግራት ወጣ። መንገድ ላይ አግኝቶኝ ባርኔጣውን አውልቆ፣ “እህቴን የሚያስተምሯት እርስዎ ነዎት አሉኝ። ያጽናኑልኝ። እናታችን አልተቀየመቻትም፤ ወላሂ፣ አንድም ቀን አልተቀየመቻትም” አለኝ። እኔም እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብዬ እጁን ጨበጥሁ። አዎ፣ በዚሁ እጄ ነው የጨበጥሁት።

ከሐዘኑ በኋላ ቄሱ ሊጠይቋት ሄደው ቤቷ ውስጥ መጽሐፍ እንደሌለ አዩ። የራሳቸውን ሰጧትና ከማርቆስ አስጀመሯት። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያነበበች ሰባተኛው ምዕራፍ ደረሰች። እዚያ ላይ ጌታ፣ ያለንን ለእግዚአብሔር ሰጥተናል እያሉ አባት እናታቸውን የሚተዉትን ይገሥጻል። እኩለ ቀን ላይ ደጄ መጥታ መጽሐፉን ገልጣ አሳየችኝ።

“የኔታ፣ ይህን ያውቁት ነበር?”

“አዲስ ስለሆንሽ ነው፤ ትርጓሜው አይገባሽም” አልኋት።

“ገብቶኛል” አለች። “የጠየቅሁዎት ያውቁት እንደነበር ነው።”

ዓይኔን ወደ ሣጥኔ አዞርሁ። ከዚያ መጽሐፌን ይመልሱልኝ አለች፤ ሣጥኑን ከፍቼ ሰጠኋት። ሁለቱን መጽሐፍ አቅፋ ሄደች።

ቤተ ክርስቲያኑን ትታ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ብትሄድ ደስ ይለኝ ነበር። አልሄደችም። አሁንም ታስቀድሳለች፤ ስታገኘኝ እጅ ትነሣኛለች፤ ለቄሱም ለማንም አልተናገረችም። እኔም አሁንም የኔታ እባላለሁ።

ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቻለሁ። ለሃይማኖቷ ቀንቼ ነው፣ ቆላ ብትወርድ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቷ ትመለሳለች ብዬ ፈርቼ ነው እላለሁ። ውሸት ነው። አንድ ሽማግሌ ስለሳቀብኝ ነው። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። እሷንም አልጠየቅኋትም፤ ብጠይቃት ይቅር ትለኛለች፣ ያን ጊዜ ደግሞ የሠራሁትን ስሙን ጠርቼ መናገር ሊኖርብኝ ነው።

እናቷ ከመጀመሪያው መልእክት በኋላ አሥራ አንድ ቀን በሕይወት ነበሩ። ከላሊበላ እዚያ ድረስ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ይህን ያኔም አውቀው ነበር።