እናቱ በቃል የሚያውቋት ቁጥር

ባለቤቴን የሠፈሩ ሰው «አንቴና» ይለዋል። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቆሞም ተቀምጦም አንገቱን ወደ አንድ ወገን ዘንበል ያደርጋል፣ ከሩቅ የሚጠራው ሰው ያለ ይመስል። ሞባይል ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን የተሸጎጠች፣ በሯን ከፍተው አንድ እርምጃ ሲገቡ የምታልቅ ክፍል ናት። ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ስልኮች ተሰልፈው ይውላሉ፤ ብሎኖቹን በጠርሙስ ክዳን እየለየ ያስቀምጣቸዋል። የራሱ ስልክ ግን መስተዋቱ የተሰነጠቀ ነው፤ ካሉት ሁለት የሲም ቦታዎች አንዱ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ሲባል ሰምታችኋል አይደል?

ለደንበኛው ሁሉ የሚሰጠው አንድ ምክር አለው፤ «ስልክህን እንደፈለግህ ቀይር፣ ቁጥርህን ግን እንዳትነካ» ይላል። ምክሩ የመጣው ከእናቱ ነው። አማቴ መርሳት ከጀመሩ አራት ዓመት ሆናቸው። የእኔን ስም ከረሱት ቆይተዋል፤ የሞቱትን ባላቸውን ለምሳ ይጠብቃሉ፤ አንዳንዴ ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቃሉ። የልጃቸውን ስልክ ቁጥር ግን አስሩንም አንድ ሳይስቱ በቃላቸው ይወጡታል። ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥተው ጠፍተው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ያገኛቸው ሰው «የማን እናት ነዎት?» ሲላቸው ቁጥሩን ነግረውት፣ ባለቤቴ ሮጦ ሄዶ አመጣቸው። ያችን ቁጥር እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቃት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህን ሰው ሲሙን አስወጥቼ ሌላ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ።

አባቴ የሚኖረው ከእኛ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው። ልጃችንን ካያት ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ አሁን አስራ አምስት ዓመቷ ነው። በየዓመቱ ባለቤቴን እንሂድ ስለው ድሮ «ሱቁን ለማን ጥዬ?» ይለኝ ነበር፤ ካለፈው አራት ዓመት ወዲህ ደግሞ «እማዬን ለማን ጥዬ?» ይለኛል። ዘንድሮ እህቱ ፈቃድ ወስዳ አራት ቀን እኛ ቤት ልትቀመጥ ስለተስማማች ምክንያት አለቀበት። የቀረው ኔትወርክ ነበር። የእሱ አሮጌ መስመር በዚያ መንገድ ላይ እንደማይሠራ የረጅም ርቀት ሹፌሮች ሁሉ ነግረውታል፤ አዲሱ ኩባንያ ግን ሰው በሌለበት ተራራ ላይ ሳይቀር ታወር ተክሏል ይባላል።

«አዲሱን ሲም አስገባና ቁጥሩን ለእህትህ ስጣት፤ ምን ቸገረህ?» አልኩት።

«እማዬስ?»

«አንድ ቁጥርን ሲጫኑ ወደ አዲሱ እንዲደውል አድርገህ ስልካቸውን አስተካክልላቸው። ለሰው ስታደርግ አይደል እንዴ የምትውለው?»

አንገቱን ዘንበል አድርጎ ትንሽ አሰበና አደረገው። ወደ አሮጌው ቁጥር የሚመጣውን ጥሪ ወደ አዲሱ እንዳያዛውር ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው አልዛወር አለው። ሳምንቱን ሙሉ እናቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ «እማዬ፣ አንድን ብቻ ተጫኚ» ሲል ከረመ። እሳቸውም «እሺ» ይሉታል። እሺ ማለትን አልረሱም።

ማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። የምነዳው እኔ ነኝ። እሱ መንዳት ቢችልም ዓይኑ ከስልክ ስለማይነቀል ነፍሴን አደራ አልሰጠውም። ሦስት ስልክ ይዘናል፤ የእሱ በአዲሱ መስመር፣ የእኔ በአሮጌው፣ የልጃችን ደግሞ ርካሽ ነው ብላ በገዛችው በሦስተኛው ኩባንያ። ጭኑ ላይ ደብተር ዘርግቶ ኪሎ ሜትሩን እኔን እያስነበበ የኔትወርኩን ሰረዝ ብዛት ይጽፋል። «ማደያው ጋ፣ አሮጌው ሦስት ሰረዝ፣ አዲሱ አራት። ድልድዩ ጋ፣ አሮጌው ሁለት፣ አዲሱ ሦስት። ያንቺስ?» ወደ ኋላ ዞሮ ይጠይቃታል። የልጃችን ገና ከከተማው ዳር ሳንርቅ ጠፍቶ ነበር።

«ከእጅ አይሻል ዶማ!» አላትና ባዶ ጻፈላት።

በየሰዓቱ ለእህቱ ይደውላል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ «ደህና ነች፤ ቁርሷን በልታለች፤ አሁን ስልኳን ይዛ እየነካካች ነው» አለችው። ደስ አለውና «አንድን እየተለማመደች ነው» ብሎ ነገረን። ጥቂት ቆይቶ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ታዲያ ለምን አልደወለችልኝም?»

«ተዋቸው፣ ይለማመዱ» አልኩት።

መቶ ስድሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ካለ አንድ ድንጋይ መፍጫ ጋ ስንደርስ አሮጌው መስመር አንድ ሰረዝ ሆነ፤ ከዚያ ጥቂት እልፍ እንዳልን ጠፋ። የአዲሱ ሦስት ሰረዝ ቀጥ ብሎ ቆሟል። «አላልኩህም?» አልኩት። ሰው አንዳንዴ ምላሱን ቢነክስ ይሻለው ነበር። ወደ ሸለቆው ስንወርድ አዲሱም ጠፋ። ያኔ ደብተሩን ዘጋው። መስኮቱን ከፍቶ ስልኩን ወደ ውጭ ይዘረጋል፣ ይመልሳል፣ ያጠፋል፣ ያበራል። ልጃችን መዝፈን ስትጀምር «ዝም በይ!» ብሎ ጮኸባት፤ እሷ ላይ ጮኾ አያውቅም ነበር። እኔም ፍርሃቴ እንዳይታወቅብኝ ስለ መንገዱ መጥፎነት ለፈለፍኩ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደን ኮረብታው ጫፍ ስንወጣ ስልኩ ጮኸ። እህቱ ነበረች። ድምፅ ማጉያውን ሳይከፍት ለቅሷዋ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

«እማዬ የለችም! ልብስ ላሰጣ ወደ ጓሮ ዞር ባልኩበት በሩን ከፍታ ወጥታለች! ሰዓት አለፈን፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየፈለገ ነው፣ ለፖሊስም ነግረናል። አንተ ደግሞ ብንደውል ብንደውል አትገኝ!»

የፈሩት ይደርሳል። መኪናውን ዳር አስያዝኩ።

«ስልኳስ? ስልኳን ይዛለች?»

«አልጋዋ ላይ ጥላዋለች።»

ከኋላ ልጃችን በቀስታ «አባዬ፣ አያቴን ያገኛት ሰው በየትኛው ቁጥር ነው የሚደውለው?» አለችው።

እሱ ከቦርሳው በወረቀት የተጠቀለለችውን አሮጌ ሲም አወጣ። ዓይኑን ጨፍኖ የሰው ስልክ የሚፈታውን ሰውዬ ሲሟ ከእጁ አመለጠችው። ሦስታችንም ተንበርክከን ከወንበር ሥር፣ ከምንጣፍ ሥር፣ ከበሩ ውጭ አቧራው ውስጥ ፈለግን። «አትንቀሳቀሱ! እንዳትረግጧት!» ይላል፣ የሚንቀሳቀሰው እሱ ራሱ ነው። ልጃችን ከፍሬኑ አጠገብ አገኘቻት። አዲሱን ለልጃችን ስልክ ሰጥቶ አሮጌውን ወደ ራሱ አስገባ። እንደጠበቅነው አንድም ሰረዝ የለም። ደብተሩን ገለጠ።

«ድንጋይ መፍጫው። አርባ ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ» አለኝ።

አባቴ ቤት ለመድረስ የቀረን ሃምሳ ነበር። ከማለዳ ጀምሮ መንገድ ዳር ወጥቶ መኪና ሁሉ እየቆጠረ እንደሚጠብቀን አውቃለሁ። እውነቱን ልናገር፣ መሪውን ሳዞር የተናደድኩት በአማቴ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ ዛሬ ይጥፉብኝ? ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ፤ መኪና በሚርመሰመስበት መንገድ መሐል ነጠላ ጫማቸውን አድርገው ሲሻገሩ ታዩኝ። ከዚያ በኋላ የነዳሁትን አነዳድ ለትራፊክ ፖሊስ አልናገርም። እሱ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ቁጥሩን ራሱ በሹክሹክታ ይደጋግማል፤ እናቱ ላገኛቸው ሰው በትክክል እንደነገሩት ሊያረጋግጥ የፈለገ ይመስል። ወደ ሸለቆው ስንወርድ ከእህቱ ጋርም ተቆራረጥን።

ድንጋይ መፍጫው ጋ ስንደርስ መኪናው ሳይቆም ወረደ። ማሽኑ ያጓራል፣ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ወዲያና ወዲህ ሲል ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩታል። በመጨረሻ የጠጠር ክምር ላይ ወጣ፤ እዚያ አንድ ሰረዝ አገኘ። መልእክቶቹ ተራ በተራ ገቡ፤ አስራ አራት ናቸው፣ ሁሉም «ደውለውልዎት ነበር» የሚሉ። የመጀመሪያዎቹን እየዘለለ የማያውቀውን ቁጥር ፈለገና ደወለ። እኔና ልጄ ክምሩ ላይ ወጥተን ተጠጋነው።

አንዲት ሴት አነሣች። «ኧረ ወንድሜ ምነው? አምስት ጊዜ ደወልን እኮ! እናትህ እኔ ጋ ናቸው። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሱቄ ውስጥ ተቀምጠዋል። ደህና ናቸው፣ ውሃ ጠጥተዋል። ቁጥሩ አይሠራም ብንላቸው ‹የእኔ ልጅ ሳያነሣ ቀርቶ አያውቅም፤ ድገሚው› ይሉኛል።»

ቁጭ ማለት አምሮት ነበር፤ ቢሆንም አልተቀመጠም፤ ዝቅ ካለ ሰረዟ ትጠፋለች። ሱቁ የት እንደሆነ ጠይቆ ነገረኝ፤ እኔ በልጃችን ስልክ ለእህቱ ደወልኩ። በአስራ አምስት ደቂቃ እደርሳለሁ አለች። አማቴ ግን ስልኩን ከሴትዮዋ ተቀብለው «ልጄ ካልመጣ አልለቅም» አሉ። እሱም በፀሐይ፣ በአቧራው መሐል፣ አንድ እግሩን እንኳ ሳያነሣ ቆሞ ያወራቸው ጀመር። ማሽኑ ስለሚጮኽ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶታል።

«የት ነህ?» አሉት።

«አለሁ እማዬ። ምነው ብቻሽን ወጣሽ?»

«አንተ ነህ እንጂ የጠፋኸው! ጠዋት ደወልኩ፣ ደወልኩ። አንዲት ሴትዮ እያነሣች ‹ሊገኙ አይችሉም› ትለኛለች። የት አደረሰችው ብዬ ልፈልግህ ወጥቼ መንገዱ ጠፋኝ።»

«አንድን ተጫኚ አላልኩሽም?»

«አንድ ምን ያደርጋል? ያንተ አስር ነው።»

ስልኩን ሳያወርድ የዘለላቸውን መልእክቶች አየ። እኔም አየሁ። ዘጠኙ ከእናቱ ስልክ የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ከቤት ከመውጣታቸው በፊት የተደወሉ። ስልካቸውን ይነካካሉ የተባለው ያኔ ነው። ባለቤቴ አንዴ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። «ጥፋቱ የእኔ ነው እማዬ፤ ስልኩን አበላሽቼው ነው» አላቸው።

ያ ቃል ቆረጠኝ። አጠገቡ ቆሜ እሱ የእኔን ጥፋት ሲሸከም ዝም ማለት አቃተኝ። ስልኩን ሳላንቀሳቅስ አፌን አስጠጋሁ።

«እማማ፣ የእሱ ጥፋት አይደለም። ቁጥሩን ያስቀየርኩት እኔ ነኝ። አባቴን ልይ ብዬ፣ አስገድጄ ወሰድኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

ከወዲያ የልብስ ስፌቱ መኪና ሲርገበገብ ይሰማል።

«ይሁን» አሉኝ። «አሁን ልጄን መልሺልኝ።»

ከስልኩ ራቅሁ።