አሮጌዋ ጊታር፣ አዲሷ ጊታርና ጉምሩክ

የሆቴሉ ሠራተኞች «ጉምሩክ» ነበር የሚሏት። ሳትፈትሸው የሚያልፋት ነገር ስለሌለ ነው። ወተት ሳታሸት አትገዛም፤ አንዱ ተማሪዋ «አሞኝ ነው የቀረሁት» ካላት ግንባሩን ትዳስሳለች፤ ባሏ አንድ ቀን ድንገት «እወድሻለሁ» ቢላት «ምን አጥፍተህ ነው?» ብላዋለች። ቀን ቤቷ ጊታር ታስተምራለች፤ ሲመሽ ደግሞ በሆቴሉ ሳሎን ጥግ ተቀምጣ እራት ለሚበሉ እንግዶች ትጫወታለች።

ይህ ጠባይ እንዲያው ከሰማይ አልወረደባትም። ወጣት ሳለች አንድ ሰው «የሃምሳ ዓመት ዕቃ ነው» ብሎ ጊታር ሸጦላት ነበር። መድረክ ላይ ላቧ ሲነካው ሃምሳው ዓመት ሁሉ ለቀቀና ነጭ ቀሚሷ ላይ ቡናማ ሆኖ ቀረ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ከዚያ ወዲህ ሰውንም ዕቃንም ገልብጣ ሳታይ አታምንም።

የሆቴሉ ሊፍት በር የለመደቻትን ጊታር አንገት ነክሶ ሲሰብርባት ሌላ መፈለግ ግድ ሆነ። ሁለት ምርጫ መጣላት።

አንደኛዋን ያመጣው አሮጌ ዕቃ ነጋዴው ነው። ጀርባዋ የጠቆረ፣ ጠርዟ በእጅ ብዛት የለሰለሰ ጊታር ናት።

«ይሄን ድምፅ ዕድሜ ነው የሚሰጠው» አላት። «እንጨት እንደ ሰው ነው እህቴ፣ ሲቆይ ይበስላል።»

«ሰው ሁሉ ሲቆይ አይበስልም። የሚሻግትም አለ» አለችው።

ሁለተኛዋን የሠራት የታናሽ እህቷ ባል ነው። እህቷ ልብስ ከምትሰፋበት ክፍል ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ በእጁ ጊታር ይሠራል። የእንጨት ሽታዋ ገና ያልወጣ፣ ፈዛዛ ጊታር አቀበላትና «ይውሰዷትና ይሞክሯት እትዬ፤ ካልወደዷት ይመልሷታል» አላት። «ለዘመድ የሚሰጥ ዕቃ ገበያ ያልፈለገው ነው» አለች በልቧ።

እግረ መንገዷን አሮጌዋን አሳየችው። ገለበጣት፣ በጣቱ መታ መታ አደረጋት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መለሰላት።

«መልካም ናት» አለ። ሌላ ቃል አልተነፈሰም። እህቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችውና ወዲያው አቀረቀረች።

ጉምሩክ ሁለቱን ጊታሮች ተሸክማ ወደ ቤቷ ስትሄድ ያ ዝምታ አብሯት ሄደ። የራሱን የሚሸጥ ሰው የሌላውን ካላጣጣለ አንድ ነገር አለ!

ቤት እንደገባች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችና ባሏን የሁለቱን ጊታሮች ክሮች በየተራ እንዲነካላት አዘዘችው። ባሏ ሹፌር ነው፤ ከመሪ በቀር ምንም መሣሪያ ይዞ አያውቅም። እሱ ይነካል፣ እሷ «ይቺ» ትላለች። ደጋግሞ ቢያቀያይርባትም «ይቺ» የምትለው አሮጌዋን ሆነ።

«በቃ አሮጌዋን ውሰጃ!»

«ምን አስቸኮለህ? ነጋዴው አግኝቶሃል እንዴ?»

«አዎ አግኝቶኛል። ‹ሰላም ነህ› ብሎኝ አልፏል» አለና እየሳቀ ወጣ።

እሷ ግን አልሳቀችም። የእጅ መስታወቷን በአሮጌዋ ቀዳዳ አሾልካ በስልኳ ብርሃን ውስጧን ማየት ጀመረች። ጀርባዋና ጎኖቿ እንደ ሻይ ጠቁረዋል። ክሮቹ የተወጠሩበት የፊት ገጿ፣ ሠሪዎቹ ደረት የሚሉት፣ ከውስጥ ሲያዩት ግን ነጭ ነው። ገላዋ አርጅቶ ደረቷ አላረጀም። በመጋጠሚያው ላይ ደግሞ ሰማያዊ አበባ ያለው ጨርቅ በቀጭኑ ተቆርጦ ተለጥፏል። ይህን ጨርቅ ታውቀዋለች፤ የእህቷ ቤት መጋረጃ ነው። መስታወቱን ወደ አዲሷ ጊታር ብታሾልከው እዚያም ያው ሰማያዊ አበባ።

«ተመሳጥረዋል!» አለች ጮክ ብላ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት!

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱንም ይዛ እህቷ ቤት ዘው አለች።

«የዚችን ደረት የሠራኸው አንተ ነህ?»

ጊታር ሠሪው መላጊያውን አስቀመጠ። «እኔ ነኝ እትዬ። የነጋዴው ሠራተኛ ደረቷ ተሰባብሮ ነው ያመጣት፤ ሦስት ዓመት ሆናት።»

«ታዲያ ትናንት አፍህን ምን ያዘው? ከነጋዴው ጋር ስንት ስንት ልትካፈሉ ነው?»

መልስ የሰጠቻት እህቷ ናት። «በዓይኔ ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ። ቢነግርሽ ‹የራሱን ሊሸጥ የሰው ያጣጥላል› ትይዋለሽ። የማውቅሽ እኔ አይደለሁ? ሆድ ይፍጀው አልኩት።»

ጉምሩክ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ግን ልክ እንደዚያ ነበር የምትለው። የምትቀመጥበት ነገር ፈልጋ እንጨት ክምር ላይ ተቀመጠች። የገዛ እህቷ እውነት ለመናገር ፈርታታለች። ይህ ከመጋረጃው ጨርቅ ይልቅ ከነከናት።

«ታዲያ ለምን የእሷ ድምፅ በለጠብኝ?» አለች አሮጌዋን እየጠቆመች።

«የኔዋ ገና አፏን አልፈታችም። የዚያችኛዋ ደረት ሦስት ዓመት ተጫውተውበታል።»

«የቷን ልውሰድ?»

«እኔንማ አይጠይቁኝ።»

«ንገራት!» አለች እህቷ።

«የኔዋን ይውሰዱ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «የአሮጌዋ አንገት ጎብጦ ወደ ላይ እየተነሳ ነው፤ ዓመት ሳይሞላ ክሮቹን መጫን ያቅትዎታል።»

ፊቱ ላይ ውሸት ፈለገች፤ አላገኘችም። እንዲያም ሆኖ አሮጌዋን ወደ መስኮቱ አዙራ በአንድ ዓይኗ አንገቷን አነጣጥራ አየች። እውነትም ተነስቷል።

አሮጌዋን ለነጋዴው ስትመልስለት ቅንጣት አላፈረም። «አሮጌ ናት አልኩ እንጂ ከራስ እስከ እግሯ አሮጌ ናት መች አልኩ?»

አዲሷ በሆቴሉ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ሳጥን ደረቀችባት። «ደህናዎቹን ለሌላ ሰጥቶ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ሽው ቢልባትም ዋጠችው። ዝናቡ አልፎ በጋው ሲገባ ግን ድምፁ እየወፈረ፣ እየሞቀ መጣ። አንድ ምሽት እራት ይበሉ የነበሩ ሰዎች ማንኪያቸውን አስቀምጠው ሰሟት።

በማግስቱ ጊታሯን ይዛ ሠሪው ዘንድ ሄደች። «አፏን ፈታች። እጅህ ይባረክ» አለችው።

ሰውየው ደነገጠ። ከእሷ አፍ ምስጋና ሰምቶ አያውቅም። ሚስቱን አየ፣ ጉምሩክን አየ፣ ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«ምኗ ተሰበረ እትዬ? እስቲ ያምጧት» አለና ተቀብሏት መብራቱ ሥር ያገላብጣት ጀመር።