ምንም አልጎደለብኝም ባዩ ወዳጆ

ወዳጆ ጎረቤቴም አብሮ አደጌም ነው። ገብሱን ያጭዳል፣ በጎቹን ያረባል፣ ሰንበትን ያከብራል። ሆዱን ግን ለማንም አያሳይም። መጥረቢያ ስቶ እግሩን ሲመታው እንኳ፣ ደሙ ጫማውን ሞልቶት «ኧረ ምንም አይደል» ያለ ሰው ነው።

ልጁ እፀገነት ራቤል ከተማ አግብታ እዚያው ወለደች፤ ሚስቱ አየለችም አራሷን ልትንከባከብ ሄደች። ሕፃኗ ሴት ናትና ክርስትናዋ በሰማንያ ቀን ነው። ሰማንያ ቀን ሙሉ ወዳጆ ብቻውን! ስልክ የለውም፤ ኔትወርክም የሚገኘው ኮረብታው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በየእሁዱ በእኔ ስልክ እዚያ ወጥቶ ይደውላል። ጆሮው ስለደከመ በስፒከር ነው የሚያወራው። እኔም አብሬ እወጣለሁ፤ ስልኩ የእኔ አይደል?

«እንዴት ነህ?» ትለዋለች።

«ምንም አልጎደለብኝም።»

ውሸታም! እራቱ ቆሎ ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቤቱ መግባት ያቅተውና እኔ ደጅ ተቀምጦ ስለ በግ ያወራኛል። ስለ አንዲት አንካሳ በግ ብቻ ሦስት ቀን!

ክርስትናው ሳምንት ሲቀረው አየለች እንዲህ አለችው፦ «እፀገነት ልጅቷ በእግሯ እስክትሄድ አብረሽኝ ቆዪ ብላ ለመነችኝ። አንተ እንደሁ ምንም አልጎደለብህ፤ ልቅር?»

ወዳጆ «ቅሪ» ሊል አፉን ሲከፍት አየሁትና ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰውዬ! አሁን እውነቱን ካልተናገርክ ዓመት ሙሉ ቆሎህን ስትቆረጥም ትከርማታለህ። እኔ እንደሁ የበግ ወሬ በቅቶኛል!» አልኩት።

ሊደውል የወጣው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል። ወዳጆ ጀርባውን ሰጠን፤ ድምፁን ግን የት ይደብቀው?

«አየለች፣ አትቅሪ። ባዶ ቤት መግባት ፈራሁ። ናፍቀሽኛል።»

መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ስልኬን ልቀበለው ስል የአየለች ሳግ ተሰማ።

«ወዳጆ፣ እኔ እኮ የማላስፈልግህ መስሎኝ ነበር። በየእሁዱ ስልኩን እየዘጋሁ ሳለቅስ ነው የከረምኩት።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«አንተስ?»

ወዳጆ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ፤ ያውም በሰው ፊት። እኔም ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ።

«በል ለክርስትናው ና፤ አብረን እንመለሳለን» አለችው።

«እፀገነት ብትቀየምሽስ?»

«ትቀየም! ባሌ ናፈቅሽኝ አለኝ እላታለሁ።»