ከፊቲያ እስከ ፋርስታ፦ የሀናን የመጀመሪያ ግጥሚያ

ፊቲያ፣ ማለዳ

ጎህ ሲቀድ ተነሣን ልላችሁ ነበር፤ ግን በኅዳር ስቶክሆልም ላይ ጎህ መቼ ቀዶ ያውቃል? ሱብሂ ሰግጄ፣ ማታ የጠበስኩትን ሳምቡሳ በትልቁ ሰሃን ደርድሬ፣ ክዳኑን ገጥሜ ደረጃውን ስወርድ ውጪው ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። የሐይቁ ንፋስ በፎቆቹ መሃል እያፏጨ ፊቴን ገረፈኝ። ጋሼ ታደሰ መኪናቸውን አስነሥተው፣ የመስታወቱን በረዶ እየፋቁ ይጠብቁኛል።

ጋሼ ታደሰ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ አሁንም መሪ ካልጨበጡ የሚያማቸው ሰው። በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ እሄዳለሁ ብላቸው "እኔ በቁሜ?" ብለው ተቆጡኝ።

"ለመሆኑ የምንሄደው ምን ልናይ ነው?" አሉኝ ገና ቀበቶዬን ሳላስር።

"ነግሬዎት የለም እንዴ ጋሼ? የጃፓን ሴቶች ሬስሊንግ ነው። ሀናን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጋጠም ነው።"

"ያቺ ሚጢጢዋ ሀናን?"

"አስራ ዘጠኝ ዓመቷ እኮ ነው!"

"ወይ የዘመኑ ጉድ!" አሉና ማርሽ አስገቡ።

ለማታውቁኝ፣ ሉባባ እባላለሁ። የደሴ ልጅ ነኝ። ሥራዬ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው፤ አዛውንት አነሣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አስተኛለሁ። እዚህ ብሎግ ላይ ስለ ጃፓን ሴቶች ሬስሊንግ መጻፍ ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። ነገሩን ያመጣብኝ ወገቤ ነው። ታምሜ ሶፋ ላይ በዋልኩበት ጊዜ፣ ወድቀው ወድቀው የሚነሡ ሴቶች ስልኬ ላይ አየሁ፤ በዚያው ቀረሁ። ሀናን ያኔ ልጅ ነበረች። "ነይ እዪ፣ ይቺ ሴትዮ አሁንም ተነሣች!" እያልኩ ጎኔ ያስቀመጥኳት እኔው ነኝ። ማንን ልውቀስ?

ዛሬ ግን እንደ ደጋፊ አይደለም የምሄደው። ለግጥሚያ ከጃፓን የመጣው ቡድን ሰኞ ወደ ቶኪዮ ይመለሳል። ሀናን አብራቸው ሄዳ ጀማሪዎች ከሚኖሩበት የማሠልጠኛ ቤት ልትገባ ትፈልጋለች። ይወስዷት እንደሆነ የምትወስነው ፉሳኤ ናት፤ የቡድኑ አለቃ፣ የዛሬዋ ተጋጣሚዋ፣ እኔ ደግሞ ለዓመታት ስሞትላት የኖርኩት ፉሳኤ! ሀናን ብቻዬን ያሳደግኳት አንዲት ልጄ ናት። እንድትቀርልኝ ነው የምፈልገው።

አውራ ጎዳናው ላይ

ዝናብ፣ የጭነት መኪኖች ቀይ መብራት፣ የመጥረጊያው ሲጥ ሲጥ። ጋሼ ታደሰ ዝም ማለት አይሆንላቸውም።

"ይሄ ሬስሊንግ ግን ድራማ ነው አይደል? ተነጋግረው ነው የሚወዳደቁት።"

"ማን እንደሚያሸንፍ ተነጋግረው ይሆናል። ጥፊው ግን ጥፊ ነው ጋሼ።"

"ታዲያ ምኑ ይወደዳል?"

እንግዲህ ስለ ፉሳኤ አንድ ነገር ከተጠየቅኩ አፌን የሚዘጋው የለም። "ፉሳኤ ጀማሪ ላይ እጇን ትይዛለች" አልኳቸው። "ለስለስ አድርጋ ነክታት፣ ጥላት፣ ሸኝታት ትገባለች። ከልቧ የምትመታው የምታከብራትን ብቻ ነው። ከግጥሚያ በኋላ ደረቷ የቀላ ሴት ካዩ፣ የተከበረች ናት።"

"ድንቄም ክብር!" ብለው ሳቁ። "በዚህ አያያዝማ እኔን አባቴ ሲያከብረኝ ነው ያደግኩት።"

እኔም ሳቅኩ። ይህን በገዛ አፌ መናገሬን ልብ በሉልኝ።

ሱንድቢበሪ

ቡድኑ ያረፈው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ አንድ የኪራይ ቤት ነው። በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ እንደኛው ቤት። አስተናጋጃቸው ኤሪካ የምትባል ስዊድናዊት ናት፤ ቶኪዮ ኖራ ጃፓንኛ እንደ ውኃ የምትጠጣ።

ሀናን ሳምንቱን ሙሉ እዚሁ ነው ያደረችው። መጥታ ተጠመጠመችብኝ። አንገቷ የጡንቻ ቅባት ይሸታል።

"በልተሻል? ከስተሻል እኮ! እንቅልፍስ?"

"ሉንት፣ ማማ" አለችኝ በስዊድንኛ፤ ተረጋጊ ማለቷ ነው። እኔ በአማርኛ አወራታለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልስልኛለች፤ እንዲህ ነው ቤታችን። ጀማሪ ዕቃ ተሸካሚ ነውና ወዲያው የብረት ዘንግ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ መኪናው ወረደች።

ወጥ ቤት ውስጥ ፉሳኤ ሩዝ ትበላለች። በስክሪን ግዙፍ የምትመስለው ሴት ከትከሻዬ አትበልጥም። ጣቶቿ ተሰብረው የተጠገኑ፣ የተጣመሙ ናቸው። ለዚህ ቀን ስንት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉንም ትቼ ሳምቡሳውን ከፈትኩላት። ዓይኗን ጨፍና በላች፣ ደገመች፣ ሠለሰች።

ያኔ ነው ኤሪካን ያስቸገርኳት። ነገሩን ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርደው ነው ያደርኩት። ሀናንን መክሬያታለሁ፣ ለምኛታለሁ፣ አልቅሼባታለሁ። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላል የእኛ ሰው። የፉሳኤ እጅ አንዴ ከልቡ ቢያርፍባት፣ ቶኪዮ የሚባለውን አገር ስሙንም አታነሣው!

"ልጄን ሰጥቼዎታለሁ በያት" አልኩ። "እንደ ልጅ አይዩብኝ። ቆንጠጥ ያድርጉልኝ። ከልብዎ ይምቷት።"

እንድትቀርልኝ ነው አላልኩም። ይህን የትኛዋ እናት አፍ አውጥታ ትናገራለች? እናቴ ለቁርአን አስተማሪዬ ስታስረክበኝ "ቆንጥጡልኝ" ብላ ነው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ እሳቸውም ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቷቸዋል። እኔም ለፉሳኤ የሚገባት መስሎኛል።

ኤሪካ ፊቷ ቀላ። "በእርግጥ እንዲህ ልበላት?"

"እንዲያው በያት። ቃል እንዳትቀንሺ።"

ነገረቻት። ፉሳኤ የምትበላበትን እንጨት አስቀመጠች። ትክ ብላ አየችኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ኤሪካ ተረጎመችልኝ፦ "ከልብሽ ነው?"

"ወላሂ ከልቤ ነው።"

ተነሣች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አናቷ እስኪታየኝ ጎንበስ አለች። እኔም ጎንበስ አልኩ። አልሃምዱሊላህ፣ የእናት ነገር ገብቷታል ብዬ፣ ቀለል ብሎኝ ወጣሁ።

ፋርስታ

አዳራሹ ከገበያ ማዕከሉ አለፍ ብሎ ያለ የትምህርት ቤት ጂም ነው። የጎማ ጫማና የልጆች ላብ ይሸታል። መሃሉ ላይ በገመድ የታጠረው መድረክ፣ ዙሪያውን የፕላስቲክ ወንበር። ቡናና ካኔልቡሌ፣ ያ የቀረፋ ዳቦ፣ በስልሳ ክሮና! ጋሼ ታደሰ "ዝርፊያ ነው" እያሉ ሁለት ገዙ።

ቦርሳዬ ውስጥ ቀይ የወረቀት ጥብጣብ ይዣለሁ። በጃፓን ሴቶች ሬስሊንግ ወግ፣ የተፋላሚዋ ስም ሲጠራ ደጋፊ በእሷ ቀለም ጥብጣብ ይወረውርላታል። እንዳያቆስላት መሃል ያለው ካርቶን አስቀድሞ ይወጣል። ቀይ የፉሳኤ ነው። ጀማሪ ግን ቀለም የላትም። ቀለም የሚሰጣት ቡድኑ የእኛ ናት ያለ ቀን ነው። እስከዚያ ጥቁር ለብሳ ትገባለች፤ የሚወረወርላትም የለም።

ሀናን ገባች። እጅጌው ረጅም፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ጥቁር ልብስ፤ እንዲህ ካልሆነ ብላ ራሷ ለምና ያሰፋችው። በዚያ መብራት ሥር ምን ያህል ታንሳለች! ቀጥሎ የፉሳኤ ስም ሲጠራ አዳራሹ በቀይ ጥብጣብ ተሞላ። እኔ ይህን ቀን ስንት ዓመት አልሜዋለሁ። ጥብጣቡ እጄ ውስጥ ቀረ።

ደወል ተደወለ። ፉሳኤ በመዳፏ ጎን ደረቷን አለቻት።

እናንተ ይህን ድምፅ በስክሪን ነው የምታውቁት። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በአካል ሲሰማ ሌላ ነገር ነው። ሀናን ወደ ኋላ ተንገዳግዳ ገመዱ ላይ ወደቀች። ደገመቻት። ሠለሰቻት። ጋሼ ታደሰ ካኔልቡሌያቸውን ጥለው ብድግ አሉ።

"በሕግ አምላክ!" ብለው ጮኹ፣ በአዳራሹ ሙሉ ፈረንጅ መሃል። "በሕግ አምላክ፣ ልጅቷን ልትገድላት ነው!"

"ቁጭ ይበሉ ጋሼ" አልኳቸው። ያዘዝኩትን ነው እኮ የመጣልኝ።

ሀናን ተነሣች። ወደቀች። ተነሣች። ለዓመታት ሶፋዬ ላይ ሆኜ ስንቷን የሰው ልጅ "ተነሺ!" ብዬ የጮህኩ ሴት፣ በከንፈሬ "ተኚ፣ ተኚ የእኔ እናት፣ በቃሽ" እያልኩ ነው። ፉሳኤ በሆዷ ገለበጠቻት፣ ወገቧ ላይ ተቀመጠች፣ ሁለት እግሯን ወደ ኋላ ቆለመመች። ይህን መያዣ አውቀዋለሁ። የጀማሪ ግጥሚያ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ምንጣፉን መታ መታ ካደረገች ተሸነፍኩ ማለቷ ነው፣ ይለቋታል። ምቺው ልጄ፣ ምንጣፉን ምቺውና ቤት እንሂድ።

አልመታችም። በክርኗ እየዳኸች ገመዱን ያዘች፤ ገመድ የያዘች ትለቀቃለችና ተለቀቀች። ፉሳኤ በእግሯ ጎትታ መሃል መለሰቻት። እንደገና ዳኸች። ፊቷን አየሁት፤ እንባ፣ ልጋግ፣ የተነከሰ ከንፈር። ከዚያ ቆመችና ፉሳኤን ደረቷን አለቻት፤ ያ ድምፅ አሁን ከልጄ እጅ ወጣ። ፉሳኤ ሳቀች። ስንት ግጥሚያዋን አይቻለሁ፣ ስትስቅ አይቼ አላውቅም። አንሥታ በጀርባዋ ጣለቻት፣ ትከሻዋን አጣብቃ ያዘች፣ ዳኛው ሦስት ቆጠረ።

ተሸነፈች። አዳራሹ ቆሞ ያጨበጭባል። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ቲሸርት የሚሸጥበት ጠረጴዛ ጀርባ

ሀናን በረዶ ደረቷ ላይ ይዛ ትንሰቀሰቃለች። በአንገትጌዋ በኩል የሚታየው የደረቷ ቆዳ ፍም መስሏል። አልዋሻችሁም፣ ተስፋ አደረግኩ። በቅቷታል አልኩ። እጄን ዘረጋሁ፦ "ነይ ልጄ፣ ቤታችን እንሂድ።"

"እማ" አለችኝ።

በአማርኛ። እራት ቀርቧል ስላት እንኳ በስዊድንኛ የምትመልስልኝ ልጅ!

"ፉሳኤ ነገረችኝ። አንቺ... ጠዋት ያልሽውን።"

የቀረውን ኤሪካ ነገረችኝ። ፉሳኤ ትናንት ማታ ወስና ነበር፤ ሀናንን ላትወስድ። ችሎታዋ ገና ነው፣ ደግሞም ለእናቷ አንድ ናት፣ ለስለስ አድርጌ ገጥሜያት፣ ፎቶ አብሬያት ተነሥቼ እሸኛታለሁ ብላ ነበር። "ጠዋት ግን እናቷ ራሷ መጣች" አለች ፉሳኤ በኤሪካ አፍ። "ልጄን ሰጥቼሻለሁ፣ ከልብሽ ምቻት አለችኝ። እንዲህ ብላ ልጇን ያስረከበችኝ እናት አይቼ አላውቅም። እንደ እንግዳ ነክቼ ብሸኛት እናቲቱን መናቅ ነበር። ከልቤ መታኋት፤ ቻለችው። ሰኞ አብራን ትሄዳለች።"

ከልቧ የምትመታው የምታከብራትን ብቻ ነው ብዬ ለጋሼ ታደሰ ያስረዳሁት እኔ ነኝ፤ በዚያው ጠዋት። የሰው ልጅ ሲሆን ሁሉንም አውቃለሁ። የራሴ ሲሆን ምን ነካኝ?

ኧረ እንዲያ ማለቴ አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። ሀናን እቅፌ ውስጥ ገባች።

"አመሰግናለሁ፣ እማ። ስለሰጠሽኝ።"

"አላህ ይጠብቅሽ" አልኩ።

ስንወጣ ኤሪካ ሰሃኔን ታጥቦ፣ ክዳኑ ተገጥሞ ሰጠችኝ። "ፉሳኤ ቤትሽ ስትደርሺ ክፈቺው ብላለች።"

መልስ፣ ፊቲያ

ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ መሽቷል። ሀናን ዕቃ ልትጭን ቀርታለች። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል ጋሼ ታደሰ ፍጥነታቸውን ቀነሱ።

"ንገሪያት እንጂ። እንድትቀርልሽ ብለሽ እንደሆነ ንገሪያት። አሁንም አልመሸም።"

"ምን ብዬ ጋሼ? ስታመሰግነኝ አላዩም?"

አላዩኝም፤ መንገዱን ነው የሚያዩት። "እንግዲህ ሰኞ ኤርፖርት የማደርሳት እኔ ነኝ" አሉ።

ቤት ገባሁ። የሀናን ጫማዎች በሩ ሥር እንደተንጋደዱ ናቸው። ሰሃኑን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ክዳኑን አነሣሁ። አረንጓዴ ጥብጣብ ሞልቶበታል። ሌላ ቀለም የለበትም፤ አረንጓዴ ብቻ። የሀናን ቀለም መሆኑ ነው። ለእኔ፣ እንድወረውርላት። እንዳያቆስላትም መሃል ያለው ካርቶን ወጥቷል።

በእኛ በወሎ የጎረቤት ሰሃን ባዶውን አይመለስም። ጃፓኖችም ለካ እንደኛው ናቸው። ወላሂ፣ ባዶውን ቢመለስልኝ ይሻለኝ ነበር።