ሁለት ከረሜላ በአንድ ብር

የመጨረሻው ተራ ቀን ረቡዕ ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው። የደብረ ማርቆስን የጥቅምት ጧት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በባልዲ ያደረ ውኃ እጅ ያቃጥላል። ወንድሜ ሙሉቀን በዚያ ውኃ ፊቱን ታጥቦ፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ሊወጣ ሲል እኔ ገና ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርሁ። በሉማሜ በኩል ደጀን በሚመላለስ መኪና ላይ ረዳት ነበር። አስቀድሜ ልናገረው፤ በዚያ ቀን ከዚያ መንገድ በሕይወት አልተመለሰም። ይህን መጀመሪያ ካልጻፍሁት ሌላውን መጻፍ አልችልም።

ከበሩ ተመልሶ መጣና አንድ ነገር ብርድ ልብሱ ላይ ጣለብኝ። የአንድ ብር ሳንቲም ነበረች።

«አንተ ያዝ፤ እኔ መርጫለሁ» አለኝ።

«ምን መረጥህ?»

«ከእትዬ ማንጠግቦሽ ሁለት ከረሜላ። ማታ ስመጣ እንዲጠብቀኝ።»

«በአንድ ብር ሁለት? ማን ሊሸጥልኝ?»

«ተከራከራቸዋ! አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የተማርኸው ለምንህ ነው?» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

ያዝና መርጫለሁ የምንባባለው ነገር የሁለታችን ሕግ ነበር። እናታችን ገበያ ድንች ትሸጣለች። ልጆች ሳለን ቅዳሜ ማታ ከገበያ ስትመለስ መቀነቷን ትፈታና አንድ ብር ትሰጠን ነበር። ለሁለታችን አንድ። በመጀመሪያው ሰሞን በሳንቲሟ ተደባደብን፤ የእሱ አፍንጫ ደማ፣ የእኔ ሸሚዝ ተቀደደ። እማ ሁለታችንንም በጆሮ ይዛ ፈረደች። አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይመርጣል። የያዘ አይመርጥም፣ የመረጠ ሳንቲሟን አይነካም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራ እንቀያየራለን። ሙሉቀን በአምስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር፤ ቢፈልግ ሕጉን ማፍረስ ይችል ነበር። አንድም ቀን አላፈረሰውም።

ያን ጊዜ አንድ ብር ሰፊ ነበረች። ትምህርት ቤታችን በር ላይ ከዘይቱ የወጣ ትኩስ ፓስቲ ትገዛለች። ፓስቲው በአሮጌ ደብተር ወረቀት ይጠቀለላል፤ ወረቀቱ ዘይት ሲጠጣ የማናውቀው ልጅ የሒሳብ ቤት ሥራ ከነስሕተቱ በጀርባው ይነበባል። ሸንኮራ ከሆነ ሁለት ወፍራም አንጓ ነው። መራጩ ሙሉቀን ሲሆን ግን ነገሩ የታወቀ ነበር፤ ጆተኒ። አንድ ጨዋታ ተጫውተን ያሸንፈኝና ብሩም ሳምንቱም ያልቃል። እኔ ስመርጥ ከረሜላ ነው። አንዱ ስሙኒ ስለነበር አራት ይደርሰናል፣ ለየራሳችን ሁለት። ዛሬም አፌ ውስጥ የሚመጣው የከረሜላው ጣዕም አይደለም። ጥርስ ላይ የሚጣበቀውን ወረቀቱን ነው የማስታውሰው፤ እስከ መጨረሻው እንልሰው ነበር።

ከረሜላ የሚሸጡት እትዬ ማንጠግቦሽ ነበሩ። ሱቃቸው አሁንም እዚያው ነው፤ የሽቦ መስኮት፣ ከሥሩ እጅ የምታስገባ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው ወዲያ እንጨት። ሳንቲም ሲገባ እንጨቱ ላይ አንጥረው ድምፁን ይሰማሉ። ከዚያ በፊት እጃቸው ወደ ዕቃ አይሄድም። «እትዬ፣ ይመርቁልን» ብለን ጭማሪ ስንለምን «እግዜር ይመርቃችሁ! ዞር በሉ ከመስኮቴ!» ይሉናል። አንድ ቅዳሜ ሳንቲሟ ከእጄ አምልጣ በራፋቸው ላይ ካለው ቦይ ገባች። ክረምት ነው። ሙሉቀን እስከ ክርኑ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲፈልግ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ሳለቅስ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ በመስኮታቸው ያዩናል። «ስታገኟት ኑ» አሉ። ሊጨልም ሲል ተገኘች። ተቀብለው በውኃ አጠቧት፣ በነጠላቸው ጫፍ አደረቋት፣ አነጠሯት፣ አራት ከረሜላ ቆጥረው ሰጡን። አምስተኛ የለም። ክፉ ሰው ሆነው እንዳይመስላችሁ። እንዲህ ነበሩ፣ በቃ።

ወደ ረቡዕ ልመለስ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳንቲሟን ይዤ ወጣሁ። ሙሉቀን አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ይደውል ነበር። አልደወለም። ስደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። ባትሪው አሮጌ ስለሆነ ብዙ አላሰብሁም። መንገዳችን ጥግ ላይ ሁለት ጎረቤቶች ቆመው ያወራሉ፤ ስደርስ ዝም አሉ። አንደኛው መሬት መሬቱን እያየ «ደህና ዋልህ?» አለኝ። ይህንንም አለፍሁት። በልቤ ክርክሬን እያዘጋጀሁ ነበር።

ሳንቲሟን በቀዳዳው አስገባሁ።

«ሁለት ከረሜላ፣ እትዬ። የላከኝ ሙሉቀን ነው። ሁለት ካልሰጡህ ተከራከር ብሎኛል።»

የጠበቅሁት ስድብ ነበር። «ሂድና በዚያ ዘመን ግዛ በለው!» የመሰለ ነገር። እትዬ ማንጠግቦሽ ሳንቲሟን አላነጠሯትም። በሁለት ጣታቸው መልሰው ወደ እኔ ገፏት። ከዚያ እጃቸውን የከረሜላው ዕቃ ውስጥ ከተው አንድ እፍኝ ዘገኑና ሳይቆጥሩ በቀዳዳው ሰጡኝ።

«እትዬ፣ ብሩ...»

«ውሰደው፣ ልጄ።»

ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ።

እኔ ያወቅሁት እንዲህ ነው። በእኛ ዘንድ ሞት ማታ አይነገርም፤ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። እስከዚያ ድረስ ያወቀ ሰው እንዳልሰማ ሆኖ ያመሻል። ሰፈሩ በሙሉ ችሎ አምሽቷል። አንድም ቀን ሳይከፈላቸው ሰጥተው የማያውቁት እትዬ ማንጠግቦሽ አልቻሉም።

ዘወር ስል የእድራችን ዳኛ ጋሽ አየነው ከኋላዬ ቆመዋል። እፍኜን አዩ፣ መስኮቱን አዩ።

«አይ ማንጠግቦሽ!» አሉ በቀስታ። ክንዴን ይዘው ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ። «እናትህ ሰምታለች?»

«ምኑን ጋሼ? ሙሉቀን ምን ሆነ?»

«መኪናው ከሉማሜ ወዲህ ተገልብጧል።»

«ተርፏል?»

ክንዴን አልለቀቁም። «ስማኝ። እናትህ እራቷን ትብላ። ትተኛም። ከነገ ጀምሮ እህልም እንቅልፍም አይኖራትም። ጎህ ሲቀድ እኛ እንመጣለን። እስከዚያ እንዳልሰማህ ሁን። ትችላለህ?»

«እሽ» አልሁ። ለምን እሽ እንዳልሁ አላውቅም።

ቤት ስገባ እማ ሽሮውን አውርዳለች። ረቡዕ ስለሆነ ፆም ነው። የሙሉቀንን ለይታ ከድናለታለች።

«ደወልህለት?»

«ኔትወርክ የለም።»

«ምንድን ነው የያዝኸው?»

«ከረሜላ። ሙሉቀን ግዛ ብሎኝ።»

«ሁለታችሁም አታድጉ!» ብላ ሳቀች።

ከረሜላውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥሁ። ሳንቲሟን በግራ እጄ ጨብጬ በቀኜ በላሁ። እሷ ትበላለች። እያንዳንዱን ጉርሻ አያለሁ፤ እንዳታቆም እፈራለሁ፣ ደግሞ እንድታቆም እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ እጇን አቁማ ወደ በሩ አየች። የሞተር ድምፅ ነበር። አለፈ። «ዛሬ ዘገየ» አለችና እንደገና ቆረሰች። አንድ ጊዜ አጎረሰችኝ። ያን ጉርሻ እንዴት እንደዋጥሁት ለማንም አልነገርሁም።

ሌሊቱን አልጽፈውም።

ጧት እማ ከእኔ ቀድማ ተነስታ የግቢውን በር ልትከፍት ወጣች። ተከትያት ወጣሁ። ውጭ ጋሽ አየነውና ሌሎች ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው ቆመዋል፤ ከኋላቸው እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። እማ እነሱን አየች፣ ዞራ እኔን አየች።

«አውቀህ ነው ያበላኸኝ?»

ከዚያ ጩኸቱ መጣ። ጥያቄዋን እስከ ዛሬ አልመለስሁላትም፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም። ዓመት ሊሞላ ነው። ልክ ሠርቼ እንደሆነ አንዳንድ ቀን ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን አይመስለኝም። ያቺን እራት ግን ማንም አይወስድባትም።

ግቢው በሰው ሲሞላ ወደ ቤት ገባሁና ከረሜላዎቹን ከመደርደሪያው አንስቼ ወጣሁ። ያስቆመኝ የለም። የእትዬ ማንጠግቦሽ ሱቅ ተዘግቷል፤ እሳቸው እኛ ቤት ናቸው። የእንጨቱ መዝጊያ ወርዷል፣ ቀዳዳዋ ግን መዝጊያ የላትም። እዚያ ቆሜ ያሰብሁት አንድ ነገር ነው። ሙሉቀን መርጧል፤ የእኔ ድርሻ መግዛት ነበር። በእጄ ያለው ግን የልቅሶ ከረሜላ ነው፣ እሱ የመረጠው አይደለም። ሁለት ከረሜላ ለይቼ ኪሴ ከተትሁ። የቀረውን አንድ በአንድ በቀዳዳው መለስሁ። በመጨረሻ ሳንቲሟን ከፍ አድርጌ ለቀቅኋት። ውስጥ እንጨቱ ላይ ወድቃ ጮኸች። ድምፁ እስኪያልቅ ቆሜ ሰማሁና ወደ እናቴ ተመለስሁ።