«እግራችሁን አሳዩኝ» ይሉን የነበሩት አክስቴ

ዓለም ገና የነበሩት አክስቴ የሰፈሩን ነፍሰ ጡሮች ከሥራ ስንመለስ በረንዳቸው ላይ ሰብስበውን፣ ገና ሰላም ሳይሉን «እስቲ እግራችሁን አሳዩኝ» ይሉን ነበር። ብዙዎቹ ከደቡብ መጥተው ፋብሪካ የሚሠሩ፣ እናቶቻቸው ሩቅ ያሉባቸው ሴቶች ነበሩ። አክስቴ ያበጠውን የአንዷን እግር ሌላዋ እንድታሽላት ያደርጉ ነበር።

ስምንተኛ ወሬን እንደያዝኩ ፊቴ አብጦ ራሴን ሲያመኝ፣ ድካም ነው ብዬ ዝም አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው የፋብሪካ ጓደኛዬ ማርታ ግን «እማማ፣ ዓይኗ እየፈዘዘባት ነው» ብላ ነገረቻቸው። አክስቴ በዚያ ሰሞን ክፉኛ ያስላቸው ነበር። እንዲያም ሆኖ በዝናብ ወጥተው ባጃጅ አስቆሙና ጤና ጣቢያ አደረሱኝ።

«አንቱም እኮ ታመዋል» አልኳቸው።

«መጀመሪያ አንቺ በሰላም ተገላገይ» አሉኝ።

በሰላም ወለድኩ። አክስቴ ግን ሊጠይቁኝ አልመጡም፤ ተቀየምኳቸው። አንድ ቀን ማርታ ስትመጣ «ለሌላው ሁሉ ሲሮጡ ለእኔ ሲሆን እግራቸው ከበደ?» ብዬ አማረርኩባት። ልጄን ተቀብላኝ ወደ መስኮቱ ዞረች።

የአክስቴን መርዶ የነገሩኝ ልጄን ክርስትና ካስነሳን በኋላ ነው። ባዶ በረንዳቸውን ባየሁ ቁጥር ያ ንግግሬ ይመጣብኛል። ማርታ ያን ቀን ወደ እኔ የመጣችው ከቀብራቸው ተመልሳ ነበር።